የእማዬ ክፍል ሃያ ሁለት ዲግሪ

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የእናትየው ክፍል ሃያ ሁለት ዲግሪ መሆኑ ለቤተሰቡ በይፋ ተገለጸ። ቤተሰቡ ሁለት ሰው ነበር፤ ገላጩ ሬዲዮ ጠጋኙ ልጅ፣ ሰሚዋ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ። እናትየው ጓሮ በኩል ባለው ክፍላቸው ስለነበሩ አልሰሙም።

ነገሩን ያመጣው «ይበርደኛል፣ ሳሎን አስተኙኝ» ማለታቸው ነው። ቤቱ ያለው ማሞቂያ አንድ፣ እሱም ሳሎን። ሳሎኑ ደግሞ የእህትየው መስፊያ ነው።

«ደንበኛዬን አልጋ ላይ አስተኝቼ ልለካ ነው?» አለች። «በሩ ክፍት እስከሆነ ሙቀቱ ይደርሳታል። እርጅና ነው እንጂ ብርድ አይደለም።»

በሩ የሚዘጋው ደንበኛ ሲለካ ብቻ ነው። ደንበኛ ግን አይጠፋም።

«በአፍ ከምንከራከር እንለካዋ፣ እትዬ» አለ ጠጋኙ።

ሽምብራ የሚያካክሉ ባለሦስት እግር የሙቀት መለኪያዎች አመጣ። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን እናቱ ራስጌ ሰቀለ። መለኪያ ቁጥር አያውቅም፤ ከሙቀቱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ጥቂት ቮልት ብቻ በሽቦ ይልካል። ሳሎን ግድግዳ ላይ በትንሽ ሳጥን የሰቀላት ቺፕ ሁለቱን በየተራ እየጠየቀች ቮልቱን ወደ ቁጥር መንዝራ ታሳያለች። ሳሎን፣ ሃያ ሁለት። እማዬ፣ ሃያ ሁለት።

ከዚያ ወዲያ እናትየው በረደኝ ሲሉ እህትየው ወደ ግድግዳው ቀና ትላለች። «ሃያ ሁለት ነሽ እኮ፣ እማዬ።» በሁለተኛው ሳምንት ማለቱን ተዉት።

«አየህ፣ ሞቋታል» አለች እህት። ጠጋኙም ደረቱን ነፋ።

አንድ ቀን እህትየው ካፖርት ስትተኩስ እንፋሎቱ የሳሎኑን መለኪያ መታው። ሳሎን፣ ሠላሳ አንድ። እማዬም፣ ሠላሳ አንድ።

«እሷም እየተኮሰች ነው?» አለች እህት፣ እየሳቀች።

ጠጋኙ አልሳቀም። የቺፕ እግር ከመለኪያው ሽቦ ጋር ካልተገናኘ ዝም እንደማይል፣ ጎረቤቱ እግር ያለውን እንደሚደግም ከማንም በላይ ያውቃል። የሳጥኗን ብሎን ፈታ። መለኪያዎቹን የሰቀለ ዕለት በጥድፊያ የእናቱን ሽቦ ከነፕላስቲኩ ነበር ያሰረው፤ መዳቡ ምንም አልነካም። ልጦ መልሶ አሰረው፤ ቁጥሩን ለማየት ግን አልቆመም። በሩን ከፍቶ ወደ ጓሮ ክፍል ገባ።

እናቱ ሁለት ካፖርት ደርበው፣ የወንድ ካልሲ እጃቸው ላይ አጥልቀው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት ደንገጥ ብለው ካልሲውን ከእጃቸው ሳብ አደረጉ፤ የላይኛውንም ካፖርት ቁልፍ መፍታት ጀመሩ።

«ልክ ላወልቅ ስል መጣህ፣ ልጄ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎኝ። ያ ዕቃህ ደህና ይሠራል አይደል?»



«ስማ» አለች እህትየው ከሳሎን፣ «ዕቃህ ምን ሆኗል? እማዬን አሥራ አንድ ይላል።»

እናትየው ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ የፈቱትን ቁልፍ፣ አንድ በአንድ፣ መልሰው ቆለፉ።