የግድቡ ሥር ጠበል

ይኸን ለሰው ሳልናገር ብውል ሆዴ ይፈነዳል። ክረምቱን የከረምሁት አክስቴ የብርጓል ዘንድ ነው፣ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ሲኬድ። እዚያ ገበሬ ማኅበሩ ለመስኖ ብሎ ያበጃት አንዲት ኩሬ አለች፤ ኩሬዋን የያዘላቸው ደግሞ የአፈር ግድብ ነው፣ ሌላ ምንም የለው። የአክስቴ ቤት የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከግድቡ ሥር፣ ቁልቁል። በር ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው፣ ተገትሮ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ አንድ የመስኖ ባለሙያ መጥቶ ሕዝቡን ሰበሰበ። አፍሮው እንዴት እንደሚያምር አልነግራችሁም፣ ሱሪው ደግሞ ቤልቦተም። ሰው ሁሉ ሲያንቀላፋ እኔ ዓይኔን ከአፉ ላይ አልነቀልሁም፤ እንኳን ቃሉ ትንፋሹም አላመለጠኝ። ከግድቡ እግር ጥርት ያለ ውሃ ቢወጣ ንገሩን እንጂ አትደንግጡ አለ። ድፍርስ ከመጣ ግን የግድቡ ሆድ ውስጥ አፈሩ እየታጠበ ነውና ቶሎ የውሃ መልቀቂያውን ከፍታችሁ ኩሬውን አጉድሉ፣ ከሥሩም ዘወር በሉ አለ።

ፍልሰታ ሲገባ ከግድቡ እግር ውሃ ፈለቀ። መጀመሪያ ያየችው አክስቴ ናት፤ እልልታዋን ለቀቀችው። በማርያም ጾም በሯ ላይ የፈለቀ ውሃ ሌላ ምን ሊሆን ነው፣ ጠበል ነዋ። ሳምንት ሳይሞላ ከማዶ ሁሉ እየመጣ ሰው ይጠመቅ ጀመር። የደብሩ ቄስ ብቻ ብልጥ ናቸው፤ ካድሬውን ፈርተው ስለ ጠበሉ ሲጠየቁ ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ከዚያ ውሃው ድፍድፍ መሰለ። እኔ የባለሙያው ቃል ትዝ አለኝ፣ እነሱ ጭራሽ ደስታቸው ባሰ። ለካ አፈሩን እምነት ነው ብለውታል። ሌላ ቦታ እምነቱን ከቤተ ክርስቲያን ተቀብላችሁ ነው የምትቀቡት፤ እዚህ እመብርሃን ራሷ በጥብጣ ላከችው ተባለ። ግንባራቸውን መቀባታቸውስ ይሁን፤ ለታመመ ጎረቤት እያሉ ግድቡን በጣታቸው እየጫሩ በቅል ይዘው ይሄዳሉ። እኔና አክስቴ ተኝተን የምናድርበትን ቤት የጠበቀልንን ግድብ እኮ ነው፣ ሰው በቅል በቅል ወደ ቤቱ የሚያጓጉዘው።

ለአክስቴ ነገርኋት። አንች የከተማ ቀባጣሪ፣ ደግሞ በጠበል መጣሽ ብላ የኔንም ግንባር ለቀለቀችው። እሽ ለጊዜው ጎረቤት እንደር ብላት፣ ጠበል በሩ ላይ የፈለቀለት ሰው ቤቱን ጥሎ ይሄዳል ወይ ትለኛለች።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ደሞዝ ጋ ሮጥሁ፤ የመልቀቂያው ቁልፍ ያለው እሱ ኪስ ነው። እሱ ደግሞ ለአብዮት በዓል ከባሕር ዳር እንግዶች ይመጣሉ፣ የማሳያቸው ሙሉ ኩሬ ነው አለኝ። ውሃው ደፈረሰ ስለው፣ በሰፊው ሕዝብ ክንድ የተሠራ ግድብ አያፈስም፣ እዚያ የሚወጣው የቆየ ምንጭ ነው፣ ከኩሬው ጋር አይገናኝም ብሎ አባረረኝ።

መንገዱን ሁሉ ስናደድ ስናደድ መጥቼ፣ ቤት ልደርስ ስል ሳቄ መጣ። ምን እንደማደርገው ገባኛ።

በማግሥቱ ነጠላየን አጣፍቼ፣ ፊቴን ጨዋ አስመስየ ተመልሼ ሄድሁ። ጓድ ሊቀ መንበር፣ የበዓሉ ለት ጠበልተኞቹ ከእንግዶቹ በየት በኩል ይቀመጡ፣ አክስቴ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው አልሁት። አክስቴ ምኑንም አታውቅ። የምን ጠበልተኛ አለኝ፤ ግድቡ ሥር ወርዶ ካየ ስንት ጊዜው። ነገርሁት፣ ትንሽም ጨመርሁበት። ሰይጣን የያዘው ሁሉ እዚያ እንደሚጮህ፣ እልልታው የእንግዶቹን ንግግር እንደሚውጠው። ላቡ ችፍ ሲል አየሁት።

«ማነው ጠበል ነው ያለው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ከኩሬው አይደለም አላሉኝም? ከኩሬው ካልሆነ የማርያም ነዋ።»

ወይ ግድቡ ያፈሳል ማለት አለበት፣ ወይ እሱ በሚመራው ማኅበር ውስጥ ማርያም ተአምር ሠራች ማለት አለበት። ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጢማም የአብዮት አባቶች አያቸው። ከእነሱም ምክር አልተገኘ።

«ከኩሬው ነው» አለ በቀስታ።

«እንዲያ ከሆነማ ኩሬው ሲጎድል ጠበሉ ይደርቃል።»

ቁልፉን ይዞ ሲወጣ ባርኔጣውን ረስቷል። መልቀቂያው ሲከፈት ውሃው እያጓራ በቦዩ ወረደ፤ ጠበልተኛው እየተራገመ ቅሉን ይዞ ተበተነ። አክስቴ አኮረፈችኝ፤ ራቴን እንኳ ለድመቷ እያወራች ነው ያቀረበችልኝ። ሲነጋ ጠበሉ ቀጥኗል፣ ከሰዓት በኋላ ጭራሹን ጠፋ።

ኩሬው ሲጎድል በውስጥ በኩል፣ ግድቡ ጎን ላይ፣ አንድ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ታየ። የጃርት ነው፣ በጋ ላይ ኩሬው ደርቆ ሳለ የቆፈረው። እኔ ራሴ ልገባበት እችላለሁ። አክስቴ ግድቡ አናት ላይ ቆማ ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ ዞራ የቤቷን ጣሪያ አየች። በመካከላቸው ከዚያው አፈር በቀር ምንም የለም። መሬቱ ላይ ዘፍ አለች። ያኔ መሳቄን ተውሁና ደግፌ አነሣኋት።

መስከረም ሁለት እንግዶቹ መጡ፣ ኩሬው ግማሽ ነው። ጓድ ደሞዝ ደረቱን ነፍቶ፣ ማኅበሩ በአብዮታዊ ንቃት ግድቡን ሲመረምር ጃርቱን እንዳጋለጠ ተናገረ፤ ጃርቱ ፀረ አብዮት ሆኖ ሾልኮ የገባ ነው የሚመስለው። ሞቅ ተደርጎ ተጨበጨበለት። እኔ ሳቄን ነጠላየ ውስጥ ቀበርሁት። አክስቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝና ጆሮየ ሥር ተጠጋች።

«እሱ የቱን ጃርት አጋለጠ? እመብርሃን ናት ያሳየችን። አለዚያ ምን ብላ እዚያ ቦታ ታፈልቀዋለች?»

እስኪ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?