የሕፃን እጅጌ የምታህል መንገድ

«ከዚያ እዚህ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤት፣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

«በአውሮፕላን አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ» አለ የሟቹ ልጅ፣ ትኬት ሻጩ። አፉ ለምዶታል። «ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው።»

«ታዲያ እህትህ ምነው ለቀብር ሳትደርስ ቀረች?»

«ድንገት ሆነብን እማማ።» ለሁሉም የሚላት ይህችኑ ነው። አባቱ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ድምፁ ግን ከመኝታ ክፍሉ አልወጣም። «ሚጣ ደረሰች?» ይላል። ልጁ ሻይ ሲቀዳም ይሰማዋል፣ እንግዳ ሲሸኝም።

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። እህቱ ሚጣ ውጭ አገር የሄደች ሰሞን ልጁ ከቢሮ አሮጌ የዓለም ካርታ አምጥቶ ከአልጋው በላይ ሰቀለለት። ሽማግሌው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከከተማ ከተማ ለካ። «ሃያ ስድስት ሳንቲም! ምን አላት፣ የሕፃን እጅጌ እኮ ናት።» ከዚያ ወዲህ መንገዱ በየቀኑ ያጠረ ይመስል «ዛሬስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይል ነበር።

«ያው ነው አባዬ። ከተማ እግር የለውም።»

አባትየው ታሞ በተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ የልጁን እጅ ያዘ። «ሚጣን ጥራልኝ።»

«ይሻልሃል። ለምን ከሥራዋ እናፈናቅላታለን? ሲያስፈልግ በአንድ ቀን ትደርሳለች።» አባት አመነ፤ የበረራ ሰዓት የልጁ እንጀራ ነዋ። ቅዳሜ «ደረሰች?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ልጁ ለሚጣ ገና አልደወለም ነበር። «መንገድ ላይ ናት» አለው።

የደወለው እሁድ ጠዋት ነው። ቀጥታው በረራ ሞልቷል፤ በሌላ ከተማ ዞሮ የሚመጣው ደግሞ መቀመጫ የተገኘበት ሰኞ ነው። ደንበኛን ሁሉ «የበረራውን ብቻ አትቁጠሩ፣ በመሃል ያለውንም መቆያ ደምሩ» የሚል ሰው! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። አባትየው እሁድ ማታውኑ፣ በሩን እያየ ሞተ።

ሚጣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገባች። ከጎረቤቶቹ ጋር አልቅሳ ስታበቃ ወንድሟን ወደ መኝታ ክፍሉ አስከትላ በሩን ዘጋች።

«ጠርቶኝ ነበር?»

ድንገት ነው ሊላት አፉን ከፈተ። ከአልጋው ላይ ያ ድምፅ ደገመ፦ ደረሰች?

«ሐሙስ» አላት።

«የደወልክልኝ እሁድ ነው።»

«አዎ። መንገድ ላይ ናት አልኩት። ቅርብ ናት ብዬ ነው... ሰዓቱን ስለማውቀው።»

አልጮኸችበትም። ራስጌው ላይ የተንጠለጠለውን የአባቷን ሜትር አወረደች፤ አንዱን ጫፍ ትራሱ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን የወንድሟ ስልክ ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ሳበች። የትራሱ ጫፍ ተንሸራተተባት። መልሳ አስቀመጠችው፤ አሁንም ተንሸራተተ።

ወንድሟ ተንበርክኮ ጫፉን የአባታቸው ራስ ባጎደጎደው ቦታ ላይ በአውራ ጣቱ ያዘላት።

«እስከ ስልክህ፣ መቶ ሠላሳ ሳንቲም» ብላ አነበበች።

ካነበበችም በኋላ ጣቱን አላነሳም።