የደሴቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ

ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ብሎኑም፣ ጓንቱም፣ መጥረጊያውም በእሱ እጅ ገብቶ በእሱ ፊርማ ነበር የሚወጣው። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አንዲት አምፖል ፈልገው ቢመጡ፣ “ቅጹን ሞልተው ይምጡ” ብሎ ይመልሳቸዋል። ባልደረቦቹ ስሙን ትተው “አቶ ይፈረም” ይሉት ነበር። እኔም ቤት ውስጥ ሌላ ብዙ ስም አውጥቼለታለሁ፤ እዚህ የሚጻፍ ግን አይደለም።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታው። እግሩ ቶሎ ተመለሰ። አንደበቱም ጥቂት ተንተባትቦ ተስተካከለ፤ ነገር መፈለጉማ አንድ ቀንም አልተቋረጠ። ቀኝ እጁ ግን ከትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ሐኪም ልጃችንን የምታክል ወጣት ናት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነገረችን።

“አባባ፣ እጅ በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያሠሩት፣ አያሳርፉት።”

እኔን ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ። “እናቴ፣ እርስዎም ይተዉላቸው። የሸሚዝ ቁልፋቸውን ራሳቸው ይቆልፉ።”

እሺ አልኳት። አላደረግኩትም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በቀን ስንት ቁልፍ በእጄ እንደሚያልፍ ፈጣሪ ይወቀው። ሰው ፊቴ ቆሞ አንዲት ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ሲታገል ማየት አልችልም፣ ቆሽቴ ያርራል። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ሸሚዙን እኔ ቆለፍኩ፣ ማንኪያውን እኔ ያዝኩ፣ ፀጉሩን እኔ አበጠርኩ። ፍቅር ነው እል ነበር። ግማሹ ችኮላ ነው።

አራተኛው ወር ሲገባ እጁ ያው ነበር። ሐኪሟ እየጨበጠ እንዲለቅ የሰጠችውን የላስቲክ ኳስ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ዞር ብሎም አላየው። “በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ልጫወት?” ይላል። ከሁሉ በላይ አንጀቴን የሚበላው ግን ሌላ ነው። ደንበኛ በሩን ባንኳኳ ቁጥር በግራ እጁ ቀኙን ያነሳና ኪሱ ውስጥ ይከታታል። የሰረቀው ዕቃ ይመስል ይደብቃታል። እንዲህ እያደረገ ስድስቱን ወር ሊጨርስ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ እሑድ ልጃችን መጣች። ሥራዋ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ማንም የማይፈልገው አሮጌ ላፕቶፕ ይዛ መጥታ የእኔ የስፌት መኪና ካለበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ዘረጋችው። አንድ ጨዋታ ከፈተችለት፤ ስክሪኑ ላይ አሸዋ፣ ባሕር፣ ጥቂት ዛፎች፣ መሐል ላይ ሸሚዙ የተቀደደ አንድ ሰውዬ አለ።

“አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ መርከቡ ሰጥማበት ደሴት ላይ ብቻውን ቀርቷል” አለችው። “በማውሱ እያሳየህ ጠቅ ካላደረግህለት ንቅንቅ አይልም። ያገኘኸው ነገር ሁሉ እታች ያለችው ከረጢት ውስጥ ይገባል። ከዚያ እያወጣህ ትሰጠዋለህ። ውሃ፣ እሳት፣ መጠለያ፣ በመጨረሻ ጀልባ።”

“ከረጢቷን የሚጠብቀው ማነው?”

“አንተ ነሃ!”

ዓይኑ በራ። ግራ እጁን ሲዘረጋ ልጅቷ ማውሱን አንስታ በቀኙ በኩል አስቀመጠችው።

“በግራ አይሠራም አባዬ። መመሪያው ላይ በቀኝ እጅ ብቻ ይላል።”

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸችው። እሱ ደግሞ ሐኪምን አይሰማም፣ ሚስትን አይሰማም፤ መመሪያ ሲባል ግን ቀጥ ይላል። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ማውሱ ላይ አሳረፋት።

ማውሱ የሚያንቀሳቅሳትን ትንሽ ቀስት ከባሕሩ ዳር አንስቶ አንዲት ኮኮናት ላይ ለማድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ቀስቷ ባሕር ትገባለች፣ ሰማይ ላይ ትወጣለች፣ ስትቃረብ መልሳ ታመልጣለች። እኔ ኮሌታ እየሰፋሁ ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። እጄ ሄዳ ማውሱን እንዳትነጥቀው ጨርቁን ጨምድጄዋለሁ። በመጨረሻ ጣቱ ተንቀጠቀጠችና ተጫነች። ኮኮናቷ ከረጢቱ ውስጥ ዱብ አለች።

“ገቢ!” አለ ባሌ። ከፋብሪካው ከወጣ ወዲህ ይህን ቃል ሲያወጣ አልሰማሁትም ነበር።

ደስታዬ ሳምንትም አልቆየ። ሰውዬው ሞተ። እንደገና ከባሕሩ ዳር ጀመሩ፤ ደግሞም ሞተ። በሦስተኛው ሞት መነጽሬን አውልቄ ሄድኩ።

“አሁንስ በምን ሞተ?”

“በውሃ ጥም” አለኝ፣ የሆነ ሩቅ ዘመድ መርዶ የሚነግረኝ ይመስል።

“ከረጢቱ ውስጥ ስንት ኮኮናት አለ?”

“አሥራ አንድ።”

ደሜ ፈላ። “አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? አሥራ አንድ ኮኮናት ታቅፈህ ሰው በጥም ትገድላለህ? ለማን ነው የምታስቀምጠው፣ ለቀብሩ ነው?”

“ማን ጠየቀኝ?” አለ ድርቅ ብሎ። “ጠያቂ የሌለው ዕቃ አይወጣም።”

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ከረጢቷን ሲሰጡት መጠበቅ እንጂ መስጠት አልመጣለትም። ልሳቅ ልቆጣ ቸገረኝ። ከዚያ የልብስ ልክ የማወጣበትን ወረቀት በመቀስ ቆረጥኩና ጻፍኩበት፦ ጠያቂ፣ ሰውዬው። የዕቃው ዓይነት፣ ኮኮናት። ብዛት፣ አንድ። ምክንያት፣ የውሃ ጥም። ፊቱ አስቀመጥኩለት።

መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

“የጠያቂው ፊርማ የታለ?”

“እኔ ወኪሉ ነኝ” ብዬ ፈረምኩ።

እስክሪብቶውን በግራ እጁ አነሳ። ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ቆመ፣ አሰበ።

“በግራ የተፈረመ ፊርማ አይጸድቅም” አለ ለራሱ፣ እስክሪብቶውንም ወደ ቀኙ አዛወረው።

ያቺን ፊርማ አልረሳትም። ከመርፌው ሥር የተወሳሰበ ክር ነበር የምትመስለው፤ የስሙ አንድ ፊደል እንኳ አይለይም። ግን በቀኝ እጁ ፈረመ! ከዚያ ቀስቷን እየጎተተ ኮኮናቷን አወጣና ሰጠው። ሰውዬው ጠጣ፣ አፉን በእጁ ጠረገ። “ወጪ” አለ ባሌ። እኔ ፊቴን ወደ ስፌት መኪናዬ አዞርኩ፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ሥራችን ይሄ ሆነ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመረምራል፣ ይፈርማል፣ ያወጣል። ዝም ብሎ የሚፈርም እንዳይመስላችሁ! ሁለተኛ ባልጩት ስጠይቀው፣ “እሳት አለው፣ ሌላ ባልጩት ምን ያደርግለታል?” አለኝ።

“ለመጠባበቂያ።”

“መጠባበቂያ የሚይዘው ግምጃ ቤት ነው። ውድቅ።”

ደንበኞቼ ሳይቀሩ ገቡበት። ቀሚሷን ልትለካ የመጣች አንዲት መምህርት፣ ሰውዬው ዓሣ ሳይበላ አልሄድም ብላ መንጠቆ ጠየቀች። ባሌ እጁን ኪሱ ውስጥ መክተት ረስቶ፣ ፊት ለፊቷ ፈረመላት። ወረቀቶቹን በክር እየሰፋሁ አስቀመጥኳቸው። በአምስተኛው ወር የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ተለየች፤ ቀጥላ ሁለተኛዋ።

አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን በራሱ መቆለፍ ጀመረ። ሳየው ጣቶቼን በላኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ንጹሑን ድስት እንደገና አጠብኩ፣ ከዚያም ክዳኑን። ስመለስ አራቱን ቆልፎ አምስተኛው ላይ ደርሷል። አንዱን ቁልፍ አሳስቶ ስላለፈ ኮሌታው ተንጋድዶ ነበር። አላረምኩትም። ቀኑን ሙሉ እንደተንጋደደ ዋለ፤ ከሰፋሁት ልብስ ሁሉ እሱ ለዓይኔ አማረ።

ስድስተኛው ወር ሞላና ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። “እስኪ ይጨብጡ” አለችው፤ ጨበጠ፣ ሙሉ ባይሆንም። “አውራ ጣትዎን ከሌሎቹ ጋር ያገናኙ” አለችው። የመጀመሪያዋን ነካ። የመሐሏን ነካ። የቀለበቷን እየገፋ፣ እያላበው ነካ። ትንሿ ጣት ግን እንደታጠፈች አልሰማ አለች። አምስቴ ሞከረ፣ ስድስቴ ሞከረ። ሐኪሟ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

“አልዋሽዎትም አባባ። ጣቶችዎ ብዙ ተመልሰዋል፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም ነበር። የቀረችው ግን የምትመለስ አይመስለኝም።”

አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። እጁን መልሶ ኪሱ ከቷታል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እቆጥር ነበር፤ እሱ መቆለፍ ሲገባው እኔ የቆለፍኳቸውን ቁልፎች። በዚያን ጊዜ ዝም ብዬ ትቼው ቢሆን ይቺ ጣት ትመጣ ነበር አልኩ በሆዴ። ማንም አልነገረኝም፣ ግን አመንኩት። ለእሱ መናገር አቃተኝ።

ቤት ስንደርስ ምሳ አልፈልግም አለና ላፕቶፑን ከፈተ። ሰውዬው ከግንድ ያሰረው ጀልባ አልቋል። ባሌ ገፋለት፤ ሰጠመ። እንደገና ገፋለት፤ መልሶ ሰጠመ። ስክሪኑ ላይ ከረጢቷ ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች።

“ከብዶት ነው” አልኩት። “ዕቃውን እዚያው ትቶ መሄድ አለበት።”

“ንብረት እንዲሁ ሜዳ ላይ አይጣልም። የሚወገድ ዕቃ በኮሚቴ ነው የሚወገደው። ሦስት ሰው ያስፈልጋል።”

“ሁለት ነን።”

“ሰውዬው አለ አይደል? ጻፊ።”

ወረቀት ቆረጥኩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ኮኮናት ዘጠኝ፣ ገመድ ሦስት ጥቅል፣ ባልጩት አንድ፣ የተሰበረ መንጠቆ አንድ። ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን ያስጽፈኛል። ጨርሼ መስመር ላሰምር ስል፣ “ጨምሪ” አለኝ።

“ምን ልጨምር?”

እጁን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

“ትንሿ ጣት። ብዛት፣ አንድ።”

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁት፤ ፊቱ ላይ ቀልድም ቁጣም የለም። ጻፍኩ። ቀጥሎ ምክንያት የሚለው ቦታ ክፍቱን ቀርቷል። በአፌ ልለው ያቃተኝን እዚያች ቦታ ላይ ጻፍኩት፦ የሚስት ችኮላ።

ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ አነበበ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ በቀኝ እጁ፣ ቀስ ብሎ፣ የጻፍኩትን ሰረዘው።

“ሐሰት መዝገብ ላይ አይገባም” አለኝ። “‘ከረጅም አገልግሎት የተነሳ’ በይ።”

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን፣ በድምፅ አለቀስኩ።

“ወረቀቱን አታርጥቢው፣ ሰነድ ነው” አለኝ። “ኮሚቴው ድምፅ ይስጥ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።”

ራሱ አስቀድሞ አወጣ። ቀኙን ነበር፤ ግራው አልደገፈውም። ሦስቱ ጣቶች እኩል አልተዘረጉም፣ ትንሿ እንደታጠፈች ናት። አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠርጌ እኔም አወጣሁ።

“ሰውዬውስ?” አልኩት።

ወደ ስክሪኑ ዞርን። ሰውዬው የሚያዘው ስላጣ አሸዋው ላይ ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ባሕሩን ይቃኛል።

“ይኸው፣ አውጥቷል” አለ ባሌ። “በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።”

ዕቃው መራገፍ ነበረበት፣ ጀልባውም መገፋት ነበረበት። እኛ ግን እጃችንን እንዳወጣን፣ ለማውረድ ሳንቸኩል ትንሽ ቆየን።