አሥራ ሰባት ቁጥር

"ሰርዢው" አለ ካልኩሌተር የሚሉት የሥራ ባልደረባዋ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። "አርባ ሁለት ሰው ሞላልሽ። አርባ አንዱ ደህና ነኝ አለ። አሥራ ሰባት ቁጥር ብቻ ከላይ እስከ ታች ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። እሷ ናት ሠንጠረዡን የምታበላሽብሽ።"

ፎርሙ ላይ ዜሮ ማለት "በፍጹም"፣ ሦስት ማለት "በየቀኑ" ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ምክንያት የሌለው ለቅሶ፣ ተስፋ መቁረጥ። አጥኚዋ ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ ገለበጠችው። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ።

ጥናቱ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች ላይ ነው። ሪፖርቱ ነገ ማታ ይገባል። ሰኞ ቦርዱ ተሰብስቦ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣላቸው የሥነ ልቦና አማካሪ ትቀጥል ወይ ትቅር ይወስናል። በዚህ ሠንጠረዥ ከሄደ አለቀላት።

"ስድስቱን ቃለ መጠይቅስ ምን ላድርገው?"

"አባሪ ላይ ሰካ አድርጊው። ወሬ ሪፖርት ያሳምራል።"

"ወሬ አይደለም።"

"እሺ እናቴ፣ አይደለም። ግን ስድስት ሰው ነው። እኔ አርባ አንድ አለኝ።"

አጥኚዋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። አንዷ ሴትዮ፣ ባሏ የሞተባት፣ እዚህ ሥራ ላይ ጓደኛዋ ጫፉን እየያዘችላት በቀን ሁለት መቶ አንሶላ ታጥፋለች። "ቤቴ ገብቼ አንዱን ማጠፍ ያቅተኛል" ትላለች። "ጫፉን የሚይዝልኝ የለ። ይዤው ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። በየቀኑ።"

በየቀኑ። አጥኚዋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ከስድስቱ አምስቱ በየቀኑ እንደሚያለቅሱ ነግረዋታል። ፎርሙ ላይ በየቀኑ የምታለቅስ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

"አራቱ የት ገቡ?" አለች።

"የቶቹ አራቱ?"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ማጠቢያው ምድር ቤት ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ከአለቃቸው በቀር። ሳይረን የሚሏት ለዚሁ ነው። ሁሉንም የምታውቅ፣ ሁሉንም የምታስቅ፣ ቃለ መጠይቅ ሲሏት ግን "ሥራ አለኝ" ብላ ያለፈች።

"መጣሽ ደግሞ! ያልጠየቅሽን ነገር አለ እንዴ?"

"አንድ ብቻ፣ እትዬ። ፎርሙን እንዴት ነበር የሞላችሁት?"

"በሥርዓት ነዋ! ምሳ ሰዓት፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ቁጭ ብለን። ግማሿ መነጽር የላት፣ ግማሿ ጽሑፍ ስታይ ያዛጋታል። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ እነሱ እየመለሱ ሞሉ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።"

"ሁሉም እየተሰማሙ?"

"ታዲያስ! 'ምክንያት የሌለው ለቅሶ ያስቸግርዎታል?' ስል፣ ያቺ ልብስ ተኳሿ 'እኔንስ የሚያስቸግረኝ ባሌ ነው' አትልም! በሳቅ ሞትን። ከዚያ በኋላ ማን አዎ ይላል? ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።"

አጥኚዋ የአንሶላ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፎርሙን በጅምላ ሰጥታ የሄደችው ራሷ ናት። ለየብቻችሁ ሙሉት አላለችም፤ ቸኩላ ነበር። አርባ አንድ ወረቀት ሰበሰበች እንጂ አርባ አንድ ሰው አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ የምሳ ጠረጴዛ ነው።

"የእርስዎንስ፣ እትዬ? እዚያው ነው የሞሉት?"

ሳይረን አንድ የትራስ ልብስ አንስታ ማጠፍ ጀመረች። የታጠፈ ነበር።

"ለእነሱ ሳነብ መቼ ጊዜ አገኘሁ። ቤት ወስጄ ነው።" ድምፅዋ ወረደ፤ አጥኚዋ ለመስማት ጎንበስ አለች። "ስም የለውም ብለሻል አይደል?"

"የለውም።"

"ድምፄን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ቁጥሩን ውሰጂ ልጄ። ሌላውን አትጠይቂኝ።"

"አልጠይቅም።"

ማሽኑ ለሁለቱም ጮኸላቸው።

"አሁን ባዶ ፎርም ይዘሻል?" አለች ሳይረን።

"ይዣለሁ።"

"እንግዲያው የአንሶላ መጋዘኑ በር አለው።" መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ አጥኚዋ እጅ ላይ አኖረችላት። ከዚያ ወደ ማሽኖቹ ዞራ ድምፅዋን ለቀቀችው፦ "ሴቶች! አንድ በአንድ! መነጽር የሌላት የእኔን ታደርጋለች! ውጪ ቆሞ ጆሮ የሚጥል ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!"

ሄዳ በሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

አጥኚዋ መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ባልዲ ገልብጣ ወንበር አደረገች። ለአንዷ አሥር ደቂቃ ቢሆን፣ ዛሬንና ነገን ይበላል። ስልኳን አወጣች።

"አርባ አንዱን ሰርዘው" አለችው ካልኩሌተርን።

"አበድሽ? ነገ ማስረከቢያ አይደለም እንዴ! ምን ሊተርፈን?"

ተኳሿ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። አትስቅም። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"አሥራ ሰባት ቁጥር" አለች አጥኚዋ። "እሷን እንዳትነካት።"