የሀብተ ማርያም ልጆች

ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ አለ። ርእሱ «ሀብተ ማርያም» ነው፤ በዚህ «የቤተሰብ ስም» የሚጠሩ ታዋቂ ሰዎች ተደርድረውበታል። አንድ የማራቶን ሯጭ፣ ስዊድን ያደገ አንድ ኳስ ተጫዋች፣ አንድ ጄኔራል፣ አንዲት ዘፋኝ። ወረድ ሲሉ «ጋሻው ሀብተ ማርያም፣ ጋዜጠኛ፣ ነዋሪነቱ ለንደን» ይላል። ከሱ ዝቅ ብሎ «ተክለአብ ሀብተ ማርያም፣ የመንግሥት ባለሥልጣን።» መጨረሻ ላይ ብቻውን «እሺነው ሀብተ ማርያም፣ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ።»

ማን እንደጻፈው አላውቅም። የኛ ሰው አለመሆኑ ግን ያስታውቃል። ሯጩ የአንዱ ሀብተ ማርያም ልጅ ነው፤ ጄኔራሉ የሌላው፤ ዘፋኟ የሦስተኛው። እነዚህ አባቶች መንገድ ላይ እንኳ ተላልፈው አያውቁም። የሰው አባት ስም እንደ ቡድን ማሊያ ለማንም አይታደልም። የሚያበግነኝ ግን ይህ አይደለም። በገጹ ላይ ካሉት ሁሉ በእውነት ወንድማማቾች የሆኑ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ይህንን የሚል አንድ ቃል የለም። በጸሐፊው አልፈርድም። ሁለቱም በአደባባይ «ዘመዴ አይደለም» ብለው ነው የኖሩት።

እኔ ሦስተኛዋ ነኝ፤ የሁለቱም ታላቅ፣ እታለማሁ ሀብተ ማርያም። ታዋቂ ስላልሆንኩ ገጹ ላይ የለሁም።

የጀመረው ተክለአብ ነው። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት የጋሻው ጋዜጣ ተዘጋ፤ እሱም ታሰረ። ተክለአብ ያኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ስለ እስረኞቹ መግለጫ ሲሰጥ አንድ የውጭ ጋዜጠኛ ጠየቀው፤ «ከታሰሩት አንዱ ከእርስዎ ጋር አንድ ስም አለው። ዘመድዎ ነው?» ተክለአብ ፈገግ አለ። «በኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። የአባቶቻችን ስም ተመሳስሎ ነው» አለ።

እናታችን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። ወደ እኔ ዞረች።

«ሀብቴ ሁለት ሆነ እንዴ?» አለችኝ።

በዓመቱ ሞተች። ፖለቲካ ገደላት አልልም፤ የገደላት ስኳር ነው። ግን እስክትሞት ድረስ ያንን ቴሌቪዥን ከፍታው አታውቅም። እኔ ሕግ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ውሸት አይቼ አውቃለሁ። እንደዚህ ያለ ንጹሕ ውሸት ግን አልገጠመኝም፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው! የቤተሰብ ስም የለንም። የአባቶቻችን ስም ይመሳሰላል። አባቶቻችን አንድ ሰው መሆናቸውን ብቻ አልተናገረም።

ጋሻው ሲፈታ ተሰደደ፤ ለንደን ገባ። ጥቂት ቆይቼ እኔም መጣሁ። እዚህ ሌላ ጋዜጣ ከፈተና እሺነውን ፈጠረው። እሺነው ተኝቶ እንኳ «እሺ ጌታዬ» የሚል ሹም ነው። በግራ እጁ ይበላል፤ ሲቆጣ ጆሮውን ይጎትታል፤ ሲዋሽ ያስነጥሰዋል። የአባቱ ስም ሀብተ ማርያም። የለንደን አበሻ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በግራ እጁ የሚበላው፣ ሲዋሽ የሚያስነጥሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁና። አንባቢዎች «ከባለሥልጣኑ ጋር ትዛመዳላችሁ?» እያሉ ሲያስቸግሩት ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ስለ ስማችን ሥርዓት እንደዚያ ባማረ አማርኛ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። መደምደሚያው፦ «ከዚያ ሰውዬ ጋር የሚያገናኘን የአባቶቻችን ስም መመሳሰል ብቻ ነው።»

ከምርጫው ሰባት ዓመት በኋላ ተክለአብ ጉበቱን ታምሞ ለሕክምና ለንደን መጣ። ባተርሲ አፓርታማ ተከራዩለት፤ ወዲያው ግን ሆስፒታል ገባ። መምጣቱ ሲሰማ ተቃዋሚዎች ድምፅ ማጉያ ይዘው ሆስፒታሉ ደጃፍ ተሰለፉ። በሽተኛ ላይ! ከዚያ ወዲህ ሆስፒታሉ ከዘመድና አብሮት ከመጣው የሥራ ባልደረባው ከአዲስዓለም በቀር ማንም እንዳይገባ አደረገ።

እኔ በየቀኑ እሄድ ነበር። ተክለአብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ።

«ይመጣል?»

ሃርልስደን፣ ጋሻው ሰፈር ሄድኩ። ጋሻው የሚኖረው ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው። በሩን ከፍቶ ፊቴን አየ።

«ዛሬ ደግሞ ሽማግሌ ሆነሽ ነው የመጣሽው።»

«ወንድምህ እየሞተ ነው።»

«ወንድም የለኝም።»

«እኔስ ምንህ ነኝ? የጎረቤት ልጅ?»

«አንቺማ እታለም ነሽ። የካደኝ እሱ ነው። እኔ የመለስኩለት ብቻ ነው።»

«እሱ አንድ ቀን ተናገረ። አንተ ስንት ዓመት ሙሉ መለስክ!»

«እሱ ሲናገር እኔ ሲሚንቶ ላይ ነበር የተኛሁት!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እሺ፤ አንድ መልእክት ልኮብሃል» አልኩት።

«ይቅርታ ከሆነ በቴሌቪዥን ይበለው።»

«ይቅርታ አይደለም። እሺነውን በግራ እጁ ይበላል ብለህ ጀምረህ፣ የሚኒስትሩ ግብዣ ላይ በቀኙ አብልተኸዋል ብሏል።»

ጋሻው ፊቱ ተለወጠ። «ውሸቱን ነው!» ብሎ ተነሣ። ከአልጋው ሥር የጋዜጣ ክምር ጎተተ፤ ተንበርክኮ ያገላብጥ ጀመር። ብዙ ፈለገ። በመጨረሻ አንዱን ገልጦ አነበበና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«በቀኝ ነው» አለ። ቆየት ብሎ፣ «አንብቦታል ማለት ነው። ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እዚያ አልጋው ላይ ሆኖ ይስቃል። አዲስዓለም መድኃኒቱ ራሱ ላይ የወጣ መስሎት ሐኪም ጠርቶበታል።»

ጋሻው ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ጀርባውን እንደሰጠኝ «ለታመመ ሰው እዚህ አገር ምን ይወሰዳል?» አለኝ።

«ብርቱካን ይወዳል።»

«እሱንማ አውቃለሁ!» ብሎ ተቆጣኝ።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ አብረን ልንሄድ ተስማማን። ጋሻው ግን መጠበቅ አልቻለም። ቀን ብቻውን ሄደ።

ከዚያ የሆነውን ከሱም ከአዲስዓለምም ሰምቻለሁ፤ ታሪካቸው አይለያይም። ነርሷ ስሙን ጠየቀችው። ከበሽተኛው ጋር አንድ መሆኑን አየችና «ወንድሙ ነህ? እለፍ» አለችው። ይህን ያለችው የስማችንን ሥርዓት የማታውቅ ባዕድ ናት፤ ልክ የነበረችውም እሷ ብቻ ናት። አዲስዓለም ከኮሪደሩ ወንበር ተነሣ።

«ቆይ እህቴ፣ ዘመዱ አይደለም። በኛ አገር የስም መመሳሰል ዝምድና አይደለም። ሰውዬው በጋዜጣው የሚሳለቅብን ነው። ካላመንሽ ራሱ ጽፎታል» አላት። ስልኩን አውጥቶም ያንን ያማረ ጽሑፍ መስመር በመስመር ተረጎመላት።

ነርሷ ወደ ጋሻው ዞረች። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

ወንድሜ ብርቱካኑን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ግን ወንድሙ ነኝ።»

«የትኛውን ልመን?» አለች ነርሷ። ክፉ አልነበረችም። «እህቱን አውቃታለሁ። ነገ ከእሷ ጋር ተመልሰህ ና።»

ብርቱካኑን ተቀበለችው። ጋሻው ደጋግሞ ደወለልኝ። እኔ ዌምብሊ ከቤቱ ሊባረር ለነበረ አንድ ቤተሰብ እየተከራከርኩ ነበር፤ ስልኬ ዝግ ነው፤ ስወጣም አምሽቶ የጠያቂ ሰዓት አልፎ ነበር። የሰው ቤተሰብ በር ላይ እንዳይወድቅ ስጮኽ የኔው ወንድም በር ላይ ቀረ።

አዲስዓለምን መጥላት ብችል በቀለለኝ። ሰውየው አልዋሸም። የታመመ ጓደኛውን ሊጠብቅ ቆመ፤ የጠበቀበትን ቃል ደግሞ ያቀበሉት ወንድሞቼ ናቸው። አንደኛው በቴሌቪዥን፣ ሌላኛው በጋዜጣ።

ተክለአብ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ። ሆስፒታሉ ለአዲስዓለም ደወለ፤ እሱም ቄሱንና ሰዎች ሰብስቦ በማለዳ ቤቴ መጣ። በሩን ከፍቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳይ አንድም ቃል አላስፈለገኝም። እሪ አልኩ። ያዙኝ፤ ውሃ አጠጡኝ። ድምፄ ሲመለስ፣ «ጋሻውን ማን ሄዶ አረዳው?» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ።

«የቱ ጋሻው?» አለ አዲስዓለም።

«ወንድማችን ነዋ!»

«እታለማሁ፣ አይዞሽ። ሐዘን ነው» አለኝና እጄን ያዘኝ። አበደች ብሎ ነበር።

እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ መርዶ አይሸከምም። እኔ ግን ሥርዓቱን ጥሼ ደወልኩ። አያነሣም። ለካ አውቋል። ጠዋት ሲነሣ ያንን የኢንተርኔት ገጽ ከፍቶት ነበር፤ ከተክለአብ ስም አጠገብ የሞተበት ዓመት ተጽፏል። ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ የኛ ሽማግሌዎች ሃርልስደን ሳይደርሱ እሱ ቸኩሎ ጽፎታል።

ለቅሶው ባተርሲ፣ ተክለአብ በተከራየው ቤት ሆነ። ጋሻው እኩለ ቀን ላይ መጣ። አጠገቤ ቦታ ነበር። ልነሣ ስል ሴቶቹ «ሐዘንተኛ አይነሣም» ብለው ተጫኑኝ። ጋሻው ባዶውን ቦታ አየ፤ የሚያፈጡበትን የተክለአብን ሰዎች አየ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ኩሽና አለፈ። ሲመለስ ማስታጠቢያ ይዟል።

ለቅሶ ቤት የሚያስታጥብ፣ ሳህን የሚያነሣ፣ ወንበር የሚሸከም ጎረቤት ነው። የሟች ሥጋ ተቀምጦ ይጽናናል እንጂ አይታዘዝም። ወንድሜ ሦስት ቀን ታዘዘ። የእንግዳውን ሁሉ እጅ አስታጠበ፤ የአዲስዓለምንም። ለእኔ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉኛል፤ ለሱ «እዚህ ጋ ውሃ ጨምር» ይሉታል። ስጠራው «እንግዳ አለ» ይለኛል። አንዲት እንባ አላየሁበትም።

በሦስተኛው ቀን እማማ እንግዳወርቅ የሚባሉ አሮጊት ከሃርልስደን መጡ። ሁለታችንንም አያውቁም፤ ለቅሶ ስለሆነ ብቻ ነው የመጡት። ጋሻው አስታጠባቸው።

«ማን ልበልህ፣ ልጄ?»

«ጋሻው።»

«የማን ልጅ?»

«የሀብተ ማርያም።»

«ከሟቹ ጋር ስማችሁ ገጥሟል! እይ፣ ዘመድ ሳትሆን እንዲህ ደከምክ። አምላክ ዋጋህን ይክፈልህ።»

ጋሻው አንገቱን ደፋ። እኔ ግን መቻል አቃተኝ።

«ወንድሙ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ከአንድ ማሕፀን ነው የወጡት! ሀብተ ማርያም አንድ ሰው ነው! አንድ!»

አዲስዓለም ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ምን እንደሚሠራ ግን አላወቀም፤ ቆሞ ቀረ። እማማ እንግዳወርቅ እኔን አላዩኝም። ወንዶቹን አንድ በአንድ እያዩ፣

«ማን አረዳው?» አሉ።

አዲስዓለም ወደ እኔ አየ።

«መርዶ ያልሰማ ወንድም ነው ሦስት ቀን ያዘዛችሁት?»

በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ማስታጠቢያውን ከእጁ ወስደው ለአዲስዓለም አቀበሉት። ጋሻውን በክንዱ ይዘው አጠገቤ አስቀመጡት። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ጋሻው፣ ልጄ፣ ወንድምህ ተክለአብ ዐርፏል።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አያቸው። ገጹን ያነበበው፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት የዋለው ሰው፣ ገና አሁን የሰማ ይመስል አፉ ተከፈተ።

«መቼ?» አላቸው። «እኔ እኮ ነገ ተመልሰህ ና ተብዬ ነበር።»