የወፍጮ ቤቱ ወረፋ

ሜቲ ቅዳሜ ጠዋት የኤሌክትሪክ መኪናዋን ስታስነሳ የባትሪው ቁጥር ሃምሳ ሁለት በመቶ ይላል። ገመዱ ተሰክቶ ቢያድርም ቡልቡላ መብራት የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነበር።

«አባባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብንሄድስ?» አለች።

አባቷ አቶ ዳጪ ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል። «ከፋሲካ ጀምሮ የሚቀጥለው ሳምንት እያልሽኝ ነው። ይኸው ታኅሣሥ ገባ።»

እውነታቸውን ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሜቲ ጋር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ድሮ ጤፍ የሚያበቅሉበት መሬት ከመስኮታቸው ይታያል፤ አሁን ሕንፃ ቆሞበታል። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወርዱ ሲወጡ ይውላሉ። እህታቸው ደሪቱ የሚኖሩት ከአለልቱ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ሜቲ ነርስ ስለሆነች ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተረኛ ናት። እዚያ ትንሽ ብሰካው ለመመለሻ አያንስም ብላ ተነሳች።

ለገጣፎን ሲያልፉ ዳገቱ ባትሪውን ይመጠው ጀመር። ማሞቂያውን አጠፋች። ሬዲዮውንም አጠፋች። አባቷ በመስኮት አዝመራ ያያሉ፤ እሷ ቁጥሩን ታያለች። ሠላሳ አራት። ሃያ ስምንት። ሲደርሱ አሥራ አራት ቀርቷል።

አክስቷ አዳዳ ደሪቱ አቅፈው ስመው ሳይጨርሱ ሜቲ «ሶኬት የት ነው?» አለች። ሰካችው። አምፖሉ ፈዘዘ፣ ቆጣሪው ጋ ጧ አለ፣ ቤቱ ጨለመ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ሆነ።

«ቤቱን እንዳታቃጥይብኝ» አሉ አዳዳ ደሪቱ። «ረታ ወፍጮ ቤት ሂጂ፣ የሱ መስመር ጠንካራ ነው።»

ባለወፍጮው ረታ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል። መኪናዋን ዞሮ አያት። «ወፍጮው እየሠራ ሁለቱን አይችልም። ወረፋ ያዢ።»

«ስንት ሰው አለ?»

«አሥራ አንድ።»

«ጋሽ ረታ፣ ማታ ሥራ አለብኝ። በሽተኞች ይጠብቁኛል።»

«እነዚህንም ቤተሰብ ይጠብቃቸዋል።»

ገብስ የጫነች አህያ ይዘው የቆሙ አሮጊት «ያንቺው ስንት ኩንታል ነው?» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ሜቲም ልትስቅ ሞከረች።

ተቀመጠች፤ ተነሳች። እስከ መንገዱ ሄዳ ተመለሰች። ቀን ተረኛ ለሆነችው ባልደረባዋ ለሩሃማ ደወለች።

«ምናልባት ትንሽ ልዘገይ...»

«ሜቲ፣ ፕሊስ! ልጄን ጎረቤት ነው የተውኳት።»

ተራዋ ሲደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ረታ ወፍጮውን አጠፋና ገመዱን ራሱ ሰካላት። ከኋላዋ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሲያጉረመርሙ «ወረፋዋ ነው» አላቸው። ሜቲ ከመኪናው አልራቀችም። አንድ ቁጥር እስኪጨምር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ስትለካ ቆየች።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ደረሰ። መመለሻው ቁልቁለት ነው፣ ይበቃል። ገመዱን ነቅላ አባቷን ልታመጣ በረረች። ቤት የሉም። ያገኘቻቸው አውድማ ላይ ነው፤ ኮታቸውን አውልቀው፣ መንሽ ይዘው፣ ከእህታቸው ልጆች ጋር ገለባ ያነሳሉ። ፊታቸው በላብና በአቧራ ተለውሷል።

«አባባ፣ እንሂድ! ረፍዶብኛል።»

«አንቺ ሂጂ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ። ጠዋት ስመጣ ልመለስ ነበር፣ እውነቴን ነው። አንቺ ስትቆዪብኝ ደሪቱ መንሹን ሰጠችኝ። ያዝኩት። በቃ።»

«የግፊት መድኃኒትዎስ?»

«ታመጪልኛለሽ።»

«በሰባ ዓመትዎ! እዚህ ቢወድቁ ማን ያነሳዎታል?»

«እዚያስ ብወድቅ? አንቺ ሥራ ነሽ።»

ስልኳ ጠራ፤ ሩሃማ ናት። መጮህም ማልቀስም አማራት፤ ለሁለቱም ጊዜ የለም። ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እያለከለከች ወደ መኪናው ሮጠች።

ሆስፒታሉ የደረሰችው ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይታ ነው። ሩሃማ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ ነበር፤ ሰላም ሳትላት በሽተኞቹን አስረክባት ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሜቲ ቡልቡላ ስትደርስ መብራት አለ። መኪናዋን ሰካች። ሽቅብ ወጥታ ከአባቷ ክፍል መድኃኒቱን አወረደች። ከመተኛት ይልቅ መድኃኒቱን ጭኗ ላይ አድርጋ መኪናው ውስጥ ተቀመጠች። ቀትር ሲቃረብ አባቷ ደወሉ።

«ተኛሽ?»

«አልተኛሁም። ትንሽ ይሙላና እመጣለሁ።»

«ልትወስጂኝ ነው?» አሉ።

ሜቲ ጭኗ ላይ ያለውን መድኃኒት አየችው። ሌሊቱን ሙሉ እንዴት አድርጋ እንደምትመልሳቸው ስታስብ ነበር ያደረችው።

«መድኃኒት ላመጣልዎት ነው» አለች።

«እንግዲያው አትቸኩይ። ተኝተሽ ነይ።»

«እሺ» አለች፤ ዓይኗ ግን ቁጥሩ ላይ ነው። ስልሳ አንድ።