ጉርድና መሰላል

«እማ፣ መሰላል የሚወጣ ሰው ለምን ጉርድ ይለብሳል?»

ልጇ ይህን የጠየቀቻት እሁድ ዕለት፣ የሥራ ልብሷን ስትተኩስ ነው። «አንቺ ደግሞ ጥያቄሽ አያልቅም» ብላ ካውያውን ጨርቁ ላይ ረስታ ቆመች፤ ያባነናት ሽታው ነው። ከሰዓት በኋላ የእናቷን የስፌት መኪና ወደ መስኮቱ ጎትታ የምትሠራበት መደብር የሰጣትን ሁለቱንም ጉርዶች ፈታች። አንዱ ብቻውን ለሱሪ አይበቃም ነበር።

እናቷ መቀሱን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «የበላሽበትን ወጪት ልትሰብሪ ነው? ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«እኔ ግን ነቅዣለሁ፣ እማዬ።»

ሰኞ ጠዋት ሱሪዋን ለብሳ መደብሩ በር ላይ ደረሰች። ቤት የሚቀየር ጉርድ የለም። ባለመደብሩ ጋሼ ካባረሯት እሷም፣ እናቷም፣ ልጇም የሚኖሩበት ሌላ ገቢ የለም። በሩን ገፋችው። ገባች።

መደብሩ ጨርቅ ይሸጣል። ጣቃዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ወንዶቹ ከባንኮኒው ኋላ ቆመው ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፤ ሴቶቹ መሰላል ወጥተው ጣቃ ያወርዳሉ። «ሴት ቀላል ናት፤ መሰላሉን አትከብደውም» የሚለው የጋሼ ሕግ ነው። ሌላው ሕግ ጉርዱ ነው፤ ከመደብሩ ጨርቅ የተሰፋ፣ ከጉልበት በላይ የሚቀር። ወንዶቹ የልብስ ሕግ የላቸውም። ጨርቅ ለኪው በነጠላ ጫማ ይውላል፤ ሲሞቀው ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ይከፍታል። ደንበኛ ላይ ሲጮህ «ቆፍጣና ነጋዴ» ይሉታል። እሷ አንድ ቀን እጇን ጨብጦ አልለቅም ያለ ደንበኛን «ልቀቀኝ» ብትለው፣ ሳምንቱን ሙሉ «አፈኛዋ» ተባለች። ሌላ ጊዜ ግን ስሟ ወፊቱ ነው። ሁልጊዜ ላይ ስለምትውል ለኪው ነው ያወጣላት። ስትወጣ መሰላሉን የሚይዝላትም እሱ ነው፤ አንገቱን ቀና አድርጎ።

«ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል» ይላል። ወንዶቹ ይስቃሉ።

«ኧረ እዩልኝ!» አለ ለኪው ያን ሰኞ ጠዋት ገና ሲያያት። «ወፊቱ አውራ ዶሮ ሆነች!»

«አውራ ዶሮውማ አንተ ነህ» አለችው። «ከመሬት አትነሳ፣ ጩኸትህ ብቻ።»

ሳቁ በዚህ ጊዜ ወደ ለኪው ዞረ። እሱ አልሳቀም።

እትዬ ጠጋ አሏት። እሷ ከመቀጠሯ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ እዚሁ ጣቃ ሲያወርዱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ጉርዳቸው ግን ያው አጭሩ ነው።

«ምን ነካሽ?» አሉ በሹክሹክታ። «እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ጉርድ አይደል? አንድ እጄን መሰላሉ ላይ፣ አንድ እጄን ጉርዴ ላይ አድርጌ። ይለመዳል።»

«ቢወድቁስ፣ እትዬ?»

«መውደቅማ ወድቄያለሁ» አሉና ተጣሞ የዳነውን የእጅ አንጓቸውን በሌላው እጃቸው ሸፈን አደረጉት።

ያኔ ጋሼ ከኋላው ክፍል ብቅ አሉ። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ከዚያ ተመልሰው እግሯ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሰጡኝ ጨርቅ ነው፣ ጋሼ። ምንም አልጨመርኩበትም።»

«እኔ የሰጠሁሽ ጉርድ ነው! ደንበኛ ምን ይላል? ሂጂ ቀይሪ።»

«የምቀይረው የለኝም። ሁለቱንም ፈትቻቸዋለሁ።»

«አውቀሽ ነዋ!»

«አውቄ ነው።»

የመጋረጃ ጨርቅ የሚመርጡ ሁለት ሴቶች ዘወር አሉ። ወፊቱ ልጇን አሰበች። ይቅርታ ብትል ጋሼ አሁንም እንደሚያልፏት ታውቃለች፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ጋሼ፣ እሱ ደረቱን ከፍቶ፣ በነጠላ ጫማ ደንበኛ ፊት ይቆማል። አንድ ቀን ሂድ ቀይር ብለውታል?»

«እሱ ወንድ ነው!»

«የሚወጣው ግን እሱ አይደለም። ከዚያ ላይ የምወድቀው እኔ ነኝ።»

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። «ያን ላይኛውን ሰማያዊ ታሳዪኝ?» አለች፤ ጋሼን ሳይሆን እሷን እያየች።

ወፊቱ መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። በሁለት እጅ መውጣት ይህን ያህል እንደሚያቀል አታውቅም ነበር። ለኪው እንደ ልማዱ ሊይዝላት መጣና፣ የሚያየው ሲያጣ ግድግዳውን አየ።

ጋሼ ገዢ ፊት መጨቃጨቅ አይወዱም። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እሺ፣ አንቺ ልበሺ። ብቻ ወሬ እንዳታበዢ» አሉ። ከዚያ ሌላኛው መሰላል አጋማሽ ላይ ወደቆሙት ወደ እትዬ አገጫቸውን ቀሰሩ። «እሷ ግን በጉርዷ ትቀጥላለች። እሷ ለምዳዋለች።»

እትዬ አንድ እግራቸውን አንስተው ነበር፤ መለሱት። ጉርዳቸውን የጨበጠውን እጃቸውን አዩ። ቀስ ብለው ወረዱ። ከምስማሩ ላይ ቦርሳቸውን አነሱ።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሼ።

«ለምዳዋለች?» አሉ እትዬ። «ለምጄው አይደለም። የጠየቀኝ ሰው ጠፍቶ ነው።»

ወፊቱ ከላይ ሆና እግሯን ወደ ታች ሰደደች። «እትዬ፣ ይጠብቁኝ! አብረን እንሄዳለን!»

«ባለሽበት ቁሚ!» አሉ እትዬ። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ አውጥተው አያውቁም። «አንቺ ከወረድሽ ነገ ሌላ ልጅ ጉርድ አልብሰው መሰላል ላይ ይሰቅላሉ!»

በሩ ተከፈተ፤ የመንገዱ ጩኸት ገባ፤ ተዘጋ። ወፊቱ ሰማያዊውን ጣቃ በብብቷ ይዛ፣ ጣሪያው ስር፣ መውረዱንም መውጣቱንም ትታ ቆመች።

እትዬ ሄዱ። እሷ ቀረች።